ማረፍ ክልክል ነው

ይሄን ታሪክ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ላይ ነው የደረሰው።

ያላመነ አይመን። እኔም ብሆን ሌላ ሴት ብታወራኝ "ሂጂ እባክሽ፣ ሥራ ፈተሽ ነው" እላት ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ፣ የሚያስፈራ ምንም ነገር የለ...

ቦታው ከከተማ ራቅ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። ሜዳው መሃል በክብ የቆሙ የጥንት ድንጋዮች አሉ። ማን እንዳቆማቸው የሚያውቅ የለም።

እዚያ ከአባቴ ጋር ሄድኩ።

ከማን ጋር እንደተመለስኩ ግን... እሱን እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ስለ ድካሜ ላውራችሁ። እሱን ካላወራሁ ያደረግኩትን ነገር አትረዱልኝም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት ማሽኔ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው። የአባቴም አልጋ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይኔ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሲያስነጥስ ጎረቤት የሚደነግጥለት ሰው። መጀመሪያ መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ረሳ። ከዚያ የቤታችንን በር ረሳ። ከዚያ እኔን ረሳኝ።

"እታለም" ይለኛል። ታላቅ እህቱ መስዬው ነው። እሷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

መጀመሪያ መጀመሪያ "አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ እኮ" እያልኩ አስረዳው ነበር። ያለቅሳል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና "እታለም" ይላል። በኋላ ታከተኝና ተውኩት።

"እታለም!"

"አቤት ወንድሜ።"

"አለሽ?"

"አለሁ። የት እሄዳለሁ ብለህ ነው።"

ይሄ በቀን መቶ ጊዜ ነው። ሌሊትም አለ። ገላዬን ልታጠብ ገብቼ እንኳ በሩን እየደበደበ "ጥለሽኝ ሄድሽ?" ይለኛል። ሳሙና ዓይኔ ውስጥ እየገባ "አለሁ" እላለሁ።

አንድ ወንድም አለኝ። ሩቅ አገር ነው የሚኖረው። በስልክ በጣም ጎበዝ ነው። "በርቺ እህቴ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ" ይለኛል። ጀግና መሆኔን ለአንድ ሳምንት ብቻ እሱ ቢረከበኝ ምን ነበረበት?

ከቤት ስንወጣ የእሱን እጅና የእኔን እጅ በሻሼ አስራለሁ። ሁለት ጊዜ ገበያ መሃል ጠፍቶብኝ አብጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ማሰር የጀመርኩት። ሰው ያፈጥብናል፣ ያፈጥጥብናል። ያፍጥጥ!

አንድ ቀን ሐኪሙ "ድሮ የሚያውቃቸውን ቦታዎች አሳዪው፣ አንዳንዴ ትንሽ ነቃ ይላሉ" አለኝ።

ትዝ ያለኝ ያ ሜዳ ነው። ድሮ ከድንጋዮቹ አንዱ ወድቆ ነበር፤ መልሰው ካቆሙት ጠራቢዎች አንዱ አባቴ ነው፣ በወጣትነቱ። ልጆች እያለን በኩራት ያወራልን ነበር።

የጎረቤቴን አሮጌ መኪና ተዋስኩ። አባቴን አጣጠብኩ፣ አለበስኩ፣ ባርኔጣውን ደፋሁለትና ጉዞ ጀመርን። መንገዱን ሁሉ "እታለም፣ ወዴት ነው?" አለኝ። ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ያን ቀን ትንሽ ቢነቃልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። አንድ ጊዜ "ልጄ" ቢለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የሜዳው መግቢያ በር ላይ የቆርቆሮ መጠለያ ሥር አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ተቀምጠዋል። መዝገብ አላቸው፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው። ከጎናቸው የዛገ ሰሌዳ ቆሟል።

ድንጋዮቹ ላይ መጻፍ ክልክል ነው።

ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው።

ማረፍ ክልክል ነው።

"ጋሼ፣ ማረፍ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ማረፍ ነዋ። ዞራችሁ እዩ፣ ፎቶ ተነሱ። ከደከማችሁ እዚህ ወንበር አለላችሁ። እዚያ ውስጥ ግን አትረፉ።"

"ለምን?"

እጃችን ላይ የታሰረውን ሻሽ አዩና ዓይናቸውን መለስ አደረጉ።

"እኔም ስቀጠር ተጽፎ ነው ያገኘሁት፣ እህቴ።"

በሆዴ ሳቅኩ። ስድስት ዓመት ጎኗ ያላረፈ ሴት ማረፍ ክልክል ነው ትባላለች! ሌላ ምን ቀራቸው?

ገባን።

በሁለት ድንጋዮች መሃል ነው የሚገባው። ውጪ ነፋስ ነበር፤ የቀሚሴ ጫፍ እየተገለበጠ ሲያስቸግረኝ ነው የመጣሁት። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንደገባሁ ቀሚሴ ጸጥ ብሎ ወረደ።

ዞሬ አየሁ። ውጪ ያለው ሣር አሁንም ይወዛወዛል...

ውስጥ ያለው ግን አይንቀሳቀስም።

"ድንጋዮቹ ከልለውት ነው" አልኩ ለራሴ። ሰው ሲደክመው ለሁሉም ነገር ቶሎ መልስ ያገኛል።

አባቴ ባርኔጣውን አነሳ።

"እንደምን ዋላችሁ?" አለ።

ማንም የለም። እኔና እሱ ብቻ ነን።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መልስ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀና ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

"ማንን ነው ወንድሜ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ሰዎቹን ነዋ። አንቺ ደግሞ ሰላምታም ረሳሽ?"

ሳቄ መጣ። እኔን ረሳሽ ይለኛል!

ዞር ዞር አልን። ድንጋዮቹ ሁሉ በሰው ቁመት ናቸው። ሥራዬ ሰው መለካት ነውና ሳላስበው በዓይኔ ልለካቸው ጀመርኩ። ይሄ ትከሻው ሰፊ ነው። ይቺ ወገቧ ገባ ይላል። ያኛው ጎብጧል፣ ኮት ቢሰፋለት ከኋላ ያጥረዋል...

ቆይ፣ ምን ነካኝ? ድንጋይ እኮ ነው!

እጄን አንዱ ላይ አሳረፍኩ። ፀሐይ የማያገኘው በኩል ነበር። ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት።

ይሞቃል።

ደግሞ የፀሐይ ሙቀት አይደለም። ሰው አሁን ከላዩ የተነሳበት ፍራሽ እንዴት ይሞቃል? እንደዚያ ነው።

እጄን መንጭቄ አነሳሁ።

አባቴ አንድ ቀጠን ያለ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ቆመ። መዳፉን ለጠፈበት። ፊቱ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ የድሮው ሰው ብቅ አለ።

"ይቺን እኔ ነኝ ያቆምኳት።"

ልቤ ዘለለ። "አስታወስክ? እንዴት ነበር?"

"ከባድ ነበረች። ስምንት ሰው ሆነን ነው ያነሳናት።" ቀረብ አለና ሹክ አለኝ። "ግን እሷም እያገዘችን ነበር።"

"እንዴት ድንጋይ ያግዛል?"

 የድሮው ሰው ተመልሶ ገባ።

"እታለም፣ ወዴት ነው?" አለኝ።

ያኔ ደከመኝ። እውነቴን ነው፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ነው ያስነሳኝ። መኪናም የነዳሁት እኔው። መሬቱ ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

አሥር ደቂቃ... አሥር ደቂቃ ብቻ ዓይኔን ብከድን።

ግን እጃችን ታስሯል። እሱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይጎትተኛል። ብፈታው ይሄዳል።

ሻሹን ከእጄ ፈታሁ። በቀጭኑ ድንጋይ ወገብ ዙሪያ አዞርኩና ቋጠርኩት።

አዎ። አባቴን ድንጋይ ላይ አሰርኩት። ይኸው ጻፍኩት። የፈለጋችሁትን በሉኝ።

"እታለም፣ የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም። እዚሁ አጠገብህ ትንሽ ልረፍ።"

"ክልክል ነው ብሏል እኮ ሰውዬው።"

ደነገጥኩ። የጠዋት ቁርሱን የማያስታውስ ሰው!

"ዝም በል አንተ ደግሞ" አልኩት።

ለአባቴ ያልኩት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። "ዝም በል።"

ቀጥሎ ያለው ድንጋይ ላይ ጀርባዬን አስደገፍኩ። ሞቀኝ። ጀርባዬ ልክክ አለ፤ በልኬ የተሠራ ያህል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ከኋላዬ አንድ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁ...

ከረጅም ሥራ በኋላ ተራ የደረሰው ሰው አተነፋፈስ ነበር።

"ልጄ።"

ዓይኔን ገለጥኩ።

"ልጄ፣ ተነሺ። ሊመሽ ነው።"

አባቴ ከድንጋዮቹ ክብ ውጪ ቆሟል። ቀጥ ብሎ። ሻሼን በአራት አጥፎ ይዞታል፤ ጠርዝ ለጠርዝ አግጥሞ። ልብስ ማጠፍ ከረሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ስልኬን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

ብድግ ስል ደግሞ ሌላ ጉድ። ሰውነቴ ቀለለኝ። ወገቤን አላመመኝም፣ ጉልበቴ አልተንቋቋም። በሃያ ዓመቴ እንኳ እንደዚያ ተነስቼ አላውቅም።

"አባዬ... ማን ነኝ እኔ?"

"ምን ማለትሽ ነው?" ሳቀ። "የኔ ልጅ ነሻ። ያቺ ግትር።"

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ተንሰቀሰቅኩ። ሐኪሙን መረቅኩ። ወንድሜን ሳይቀር መረቅኩ።

ጠባቂው በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። መዝገቡ እጃቸው ላይ ነው።

"ስንት ሆናችሁ ነበር የገባችሁት?"

"ሁለት ነና ጋሼ። ረሱን እንዴ?"

"ሁለት..." አሉ። እኔን አዩ። አባቴን አዩ። ከዚያ ከኋላችን አሻግረው ወደ ድንጋዮቹ አዩ። እስክሪብቶውን ሳይጽፉበት ኪሳቸው ከተቱት።

አባቴ መኪና ውስጥ ገባና ቀበቶውን ራሱ አሰረ። እኔ የመኪናውን በር ይዤ ልገባ ስል...

"እታለም!"

በሩን እንደያዝኩ ዞርኩ።

ከድንጋዮቹ በኩል ነው የመጣው።

"እታለም! አለሽ?"

የአባቴ ድምፅ ነው። የደከመው፣ የሚነጫነጨው፣ ስድስት ዓመት የሰማሁት። በሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ወደ መኪናው ውስጥ አየሁ። አባቴ መስኮቱን ወደ ውጪ እያየ ለራሱ ያንጎራጉራል።

"እታለም! ጥለሽኝ ሄድሽ?"

ጠባቂውን አየኋቸው። አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ገብቶኛል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን የትኛው አባቴ እንደሆነ ገብቶኛል። ሄጄ እጁን ብይዝ፣ ያ ሁሉ እንደገና ይጀምራል። ሌሊቱ። በሩ። መቶ ጊዜ "አቤት"።

"ልጄ፣ አንሄድም እንዴ?" አለኝ መኪና ውስጥ ያለው።

ልጄ አለኝ...

ገባሁ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ጥሪው ትንሽ ተከተለን። ከዚያ ቀጥ አለ። አንድ ሰው "አቤት" ያለው ይመስል።

አራት ወር አለፈ።

ወንድሜ በስልክ "አላልኩሽም! አላልኩሽም!" እያለ ጮኸ። አባቴ ጋዜጣ ያነባል። ጎረቤቶችን ስለ ሥራቸው ጠይቆ ያስቃቸዋል። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ማታ ማታ ጋደም ብሎ ጣሪያውን ያያል። ዓይኑን ሲከድን ግን አላየሁትም።

"አልተኛህም አባዬ?"

"አርፌያለሁ እኮ" ይለኛል በጥሩ አንደበት።

ዘወትር ዓርብ ጥፍሩን እቆርጥለት ነበር። ከተመለስን በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ መቁረጫውን ይዤ ቀረብኩ። የሚቆረጥ የለም። በሁለተኛውም የለም።

አራት ወር ሙሉ አንዲት ጥፍር አላደገችም።

እኔስ? እኔም እንግዲህ... ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዤ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ፣ አላለከልክም። ሌሊቱን ሙሉ እሰፋለሁ፣ ወገቤን አያመኝም። ጎረቤቴ "ምን አግኝተሽ ነው? አምሮብሻል እኮ!" ትለኛለች። አንድ ቀን ሳስበው ለካ አራት ወር ሙሉ አላዛጋሁም።

ትስቁ ይሆናል። ማዛጋት ናፈቀኝ።

ከሁሉ ግን ያ ጥሪ ነው ያሳበደኝ። ማሽኑ ሲንኳኳ "እታለም" ይለኛል። ውሃው ሲፈስ "ጥለሽኝ ሄድሽ?" ይለኛል። አባቴን ሜዳ ላይ ጥዬ መጥቻለሁ። ብቻውን። ማን አበላው? ማን ከፀሐይ ላይ አነሳው?

አንድ ቀን ጫማዬን ሳደርግ አባቴ ከጋዜጣው ላይ ቀና አለ። የት እንደምሄድ አልነገርኩትም ነበር።

"አትልፊ" አለኝ። "ብቻውን አይደለም። ሰው አለው።"

 በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠባቂው ሲያዩኝ አልደነገጡም። ፊቴን ግን ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። የገረጣ ጨርቅ ከየትኛው ጣቃ እንደተቆረጠ ለማወቅ እኔም እንደዚያ ነው የማየው።

"ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ ልንገርሽ እህቴ? ደግሞስ... ለየትኛዋ ልናገር?"

አልገባኝም። ያኔ አልገባኝም።

"አባቴን ልወስደው ነው የመጣሁት።"

ጠባቂው መዝገቡን ከደኑ። ከዚያ በሹክሹክታ፦

"እንግዲህ ከገባሽ ቀስ ብለሽ ግቢ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራ አድሮ አሁን ነው ዝም ያለው።"

በሁለቱ ድንጋዮች መሃል ገባሁ። ነፋሱ ጠፋ።

መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ከቀጭኑ ድንጋይ ኋላ ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል። ያን ቀን ያደረግኩለት ካልሲ ነው፤ አንዱ ተረከዙ ላይ የጠቀምኩት።

"አባዬ" ልል አፌን ከፈትኩ። ቀስ ብለሽ ግቢ ያሉኝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሌላ እርምጃ...

አባቴ በጀርባው ተኝቷል። ከስቷል። ጥፍሩ ግን በሥርዓት ተቆርጧል። ራሱ አንዲት ሴት ጭን ላይ ነው።

ሴትዮዋ አቀርቅራለች። ቀሚሷ አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ አይለይም። በአንድ እጇ ግንባሩ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ትከልልለታለች። ያ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰዓት አንስታ የያዘችው እጅ ነው።

ኮቴዬን ሰማች መሰል ቀና አለች።

እኔ ነኝ።

የእኔ ፊት ነው። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት፣ የተሰነጠቀው ከንፈር፣ ስድስት ዓመት መስታወት ውስጥ ሳየው የኖርኩት ፊት። አራት ወር ደግሞ ተጨምሮበታል።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ያቺን የምትንቀጠቀጥ እጇን ከግንባሩ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"እሽሽ..." አለችኝ። "አሁን ገና ነው የተኛልኝ።"

ጫማዬን አወለቅኩ። በእጄ ይዤው፣ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጣሁ።